ከስፌት ቤቱ ኋላ

እሑድ አመሻሽ ላይ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣
የክር ብጥስጣሹን ጥግ ላይ ከምሬ፣
አራት በርጩማና አንድ ሣጥን ደርድሬ፣
ኮምቦልቻ ሲመሽ እጠብቃቸዋለሁ፤
የሐረጎ ጉም ገና ከትከሻቸው ሳይለቅ
ከደሴ ሲወርዱ ኮቴያቸውን አውቃለሁ።

ይመር ይቀድማል፣ መሰንቆው በማዳበሪያ ተጠቅልሎ፤
እንድሪስ ይከተላል፣ ጉልበቱን እየረገመ፣ ክራሩን አዝሎ፤
ቶይባ መጨረሻ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ፣
ጉሮሮ ድምጿን ነስቷት፣ ሣቋ ግን እንደ ወዛ።

የአሊጋዝ በርጩማ ባዶ ነው። አናነሣውም።
ሻይ ሲቀዳ ግን ለሱ አንቀዳም፤
ስኳር ይወድ ነበር፣
ዛሬ ስኳር ራሱ ተወዷል።

ዘፈን ቶሎ አይጀመርም። መጀመሪያ ወሬ ይቃኛል፤
አንዱ ሲያጠብቀው ሌላው ያላላዋል።

«በሰባ ሰባቱ» ይላል ይመር፣ «ሠርግ ተጠራሁ፣ ተሁለደሬ፤
ድግስ የሌለው ሠርግ፣ ሙሽራው በሰው ጋቢ፣ በሰው ሱሪ።
አዝማሪ ይሸለም የለ? ሸለሙኝ አንድ እፍኝ ቆሎ፤
ግጥሜ ጠፋብኝ፣ ዓይኔ መዳፌ ላይ ውሎ።
ደጅ ስወጣ ቆሟል ያ ግራጫ ፈረስ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፤
የመሰንቆዬን ክር ከጭራው ነው የነጨሁት፣ ዓምና፣ ሰውነት ሳለው ነበር።
ምን ላድርግ? እኩል ተካፈልነው፣
እኔ በጥርሴ፣ እሱ በከንፈሩ።
መሰንቆ ያለቅሳል ይላሉ ሰዎች።
የኔው ያኝካል።»

እንድሪስ ይሥቃል። የሱ ክር ከፈረስ አይደለም፤
ከቀበሌ ሊቀመንበሩ ብስክሌት፣ ከፍሬኑ ሽቦ ነው፣ ይህን ያልሰማ የለም።
ግን በየሳምንቱ ቁልቁለቱ ይረዝማል፣
ሊቀመንበሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤
ዓምና ቁልቋል ላይ ነበር ያረፈው፣
ዘንድሮ ቦርከና ደርሷል።
«በማግስቱ አስጠራኝ፣ ራሱን በፋሻ ጠምጥሞ፣
‹አወድሰኝ› አለ። አወደስኩት በገዛ ፍሬኑ፦
   እንዳንተ ያለ መሪ ከወዴት ይገኛል፣
   ወደፊት ነው እንጂ መቆም መቼ ያውቃል!»

ከዚያ የኔ ተራ፤ የከበሮዬ ነገር።
ይመር፦ «ሐርቡ ነው፤ ክረምት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤
ስንሻገር አመለጠችው፣ ሄደች እንደ ጀልባ።»
እንድሪስ፦ «ወላሂ ከሚሴ! ፀሐይ! የገበያ ቀን!
ከአይሱዙ ላይ ወደቀች፣ ጎማ ወጣባት!»
ሃያ ሁለት ክረምት ተጣሉባት።
እኔም አንዴ በውኃው፣ አንዴ በጎማው እየተስማማሁ ኖርኩ።

እውነቱን ጣቶቼ ያውቃሉ።
ልጄ በትኩሳት ሲነድ፣ በውድቅት ሌሊት፣
ለስድስት ፍሬ ኪኒንና ለአንድ ብልቃጥ ሽሮፕ
ለመድኃኒት ቤቱ ሰው ሰጠኋት።
ከሠርግ መመለሴ ነበር፤
ቆዳዋ ገና አልበረደም።

ዛሬስ ልናገር ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ቶይባ ቀደመችኝ፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፦
«ውኃ ነው የወሰዳት። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ቶይባ ያኔ ሐርቡም ከሚሴም አልነበረችም።
የመድኃኒት ቤቱ ሰው ግን አጎቷ ነበር።

አየኋት። አላየችኝም።
ሻይ ጨመረችልኝ፣
ስኳሩን ሳትሰስት።

አንድ ዘፈን እንኳ ሳንጀምር ከውጭ ጥሩንባ ጮኸ፤
«ደሴ! ደሴ! የቀረ ደሴ!»
ልጄ ነው፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት።
መሰንቆው ወደ ማዳበሪያው ተመለሰ፣
የእንድሪስ ጉልበት እንደገና ተረገመ፣
ክርክሩ አብሯቸው ተሳፈረ፣ በመስኮት ይሰማኛል፤
«ሐርቡ!»
«ከሚሴ!»

ልጄ በሩን ዘግቶ ቆርቆሮውን በመዳፉ መታ፤
ሁለቴ በወፍራም፣ አንዴ በቀጭን።
ማንም አላስተማረውም።
ሾፌሩ ሰማና ነዳ።